ውኃ በ91 ዲግሪ ሲፈላ፦ ቴርሞዳይናሚክስን ከነታሪኩ ለማጥናት ከየትኛው ድረ ገጽ ልጀምር?

መምህርት_ከሱሉልታ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ውስጥ የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ቤቱ ውኃ አፍልቶ ቴርሞሜትር ቢከትበት፣ ንባቡ 91 ተኩል ላይ ቆሞ አልነቃነቅ እንዳለው በደብተሩ ጽፎ አመጣልኝ። መጽሐፉ 100 ስለሚል እኔም ቸኩዬ «ቴርሞሜትርህ ተበላሽቶ ይሆናል» አልሁትና ወደ ቀጣዩ ርዕስ አለፍሁ። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ዋለ፤ ቴርሞሜትሩን ተውሼ ማታ በራሴ ማንቆርቆሪያ ብሞክረው ያው 91 ተኩል ሆነ።

ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ፣ ግፊት ሲቀንስም ውኃ ባነሰ ዲግሪ እንደሚፈላ የማላውቅ ሆኜ አይደለም፤ ለፈተና ስጽፈው፣ በኋላም ሳስተምረው ኖሬአለሁ። ይሁን እንጂ ያ እውቀት ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ከምድጃዬ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ቴርሞዳይናሚክስን ከሥሩ እንደገና ልማረው ቆርጫለሁ። ያለኝ አንድ ስልክና በየሳምንቱ የምገዛው ፓኬጅ ነው፤ በትምህርት ቤቱም አራት መምህራን የምንጋራው አንድ ኮምፒውተር አለ። ስለዚህም ቪዲዮ ብቻ ሳይሆን የሚነበብ ነገር ብታመለክቱኝ እመርጣለሁ። ከሕጎቹም በተጨማሪ ማን፣ በምን ችግር ተገፍቶ እንደደረሰባቸው ማወቅ እሻለሁ፤ ተማሪዎቼ «ኢንትሮፒ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የማየው ግራ መጋባት የእኔም ነውና።

ጌጅ_ዘቃሊቲ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ መምህርት፣ እርስዎ በማንቆርቆሪያ የደረሰብዎት በእኔ ላይ በፍሪጅ ደርሶብኛል። ቃሊቲ አካባቢ የፍሪጅ ጥገና ሱቅ አለኝ። ሥራውን ስጀምር የማቀዝቀዣ ጋዞችን ግፊትና ዲግሪ የሚያዛምድ ከውጭ የመጣ ቻርት ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ በእርሱ እየተመራሁ ጋዝ እሞላ ነበር። አር-134ኤ ለተባለው የፍሪጅ ጋዝ ቻርቱ «ጌጁ 4.6 ፒኤስአይ ሲያነብ ጋዙ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ይተናል» ይላል፤ ጌጅ የግፊት መለኪያችን ነው፣ አንድ ፒኤስአይም 6.9 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። እኔም 4.6 ላይ ስደርስ አቆማለሁ። ደንበኛው ግን ከሳምንት በኋላ «ላይኛው ክፍል ይበርዳል፣ ታችኛው አልቀዘቀዘም» እያለ ይመለሳል፤ እኔም በኮምፕሬሰሩ አሳብባለሁ።

ጥፋቱ የኮምፕሬሰሩ አልነበረም። ጌጅ የሚያነበው ከውጭ አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በባሕር ወለል አየሩ ራሱ 101 ኪሎፓስካል ይገፋል፤ እዚህ ቃሊቲ ግን ወደ 78 ነው። ጋዙ በዚያ ዲግሪ የሚያስፈልገው ጠቅላላ ግፊት የትም ቦታ ያው 133 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ስለዚህ በባሕር ወለል 4.6 የሚያነበው ጌጅ እኛ ዘንድ ወደ 8 ፒኤስአይ ማንበብ ነበረበት። 4.6 ላይ ሳቆም ጋዙን አሳንሼ፣ የሚተንበትንም ዲግሪ ከዜሮ በታች ወደ 24 አውርጄው ነበር ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ የደረስሁበት አንድ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሮቹን ሳመሳክር ነው።

ያ ድረ ገጽ የአሜሪካው ብሔራዊ የመለኪያና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ በነፃ የሚያቀርበው የኬሚስትሪ ዌብቡክ ነው። የፈሳሾችና የጋዞች ባሕርያት የሚለውን ክፍል ይክፈቱ፤ ከዝርዝሩ ውኃን ይምረጡ፤ ፈሳሹና ትነቱ አብረው የሚኖሩበትን ሁኔታ ይምረጡና ግፊቱን ያስገቡ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል 2,750 ሜትር ገደማ ላይ ነው ብንል የአየሩ ግፊት ወደ 72.4 ኪሎፓስካል ይሆናል፤ ሠንጠረዡም 90.8 ዲግሪ ይሰጥዎታል። ገጹ ጽሑፍና ቁጥር ብቻ ስለሆነ ፓኬጅ አይበላም። ለእኔ ከማንኛውም ትምህርት በፊት የሚቀድመው ይኸው ነው፤ ሰው መጀመሪያ ቁጥሩን ከራሱ ዕቃ ጋር ካላስተያየ ሕጉ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛ_ዓመት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

መምህርት፣ እኔ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ያለፍሁባቸውን ጥቂት ምንጮች በታማኝነት ልንገርዎ።

ለመነሻ የምመክረው ኦፕንስታክስ የተባለው የነፃ መማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ የሚያሳትመውን የዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ 2ኛ ቅጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ምዕራፎች መጠነ ሙቀትን፣ የጋዞችን የቅንጣት ንድፈ ሐሳብ፣ አንደኛውንና ሁለተኛውን ሕግ በቅደም ተከተል ይሸፍናሉ፤ በፒዲኤፍ አንዴ ካወረዱት ኢንተርኔት አያሻዎትም። ቶሎ ለማመሳከር ደግሞ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሃይፐርፊዚክስ አለ፤ መልኩ ያረጀ ቢሆንም ኔትወርክ በተዳከመበት ሰዓት ሳይቀር ይከፈታል። ከዚያ ከፍ ሲሉ የኤምአይቲ ኦፕን ኮርስዌር 5.60 የተባለ የቴርሞዳይናሚክስና የኪነቲክስ ኮርስ አለው፤ ቪዲዮዎቹን ትተው የንግግር ማስታወሻዎቹን ብቻ ማውረድ ይችላሉ። ኤንፒቴል የተባለው የሕንዶቹ የነፃ ኮርሶች ድረ ገጽ ደግሞ ለእንደ እኔ ያለ የማሽን ሰው የተሻለ ነው፤ ተርባይኑን፣ ቦይለሩን፣ የማቀዝቀዣውን ዑደት አንድ በአንድ ያስኬዱታል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ እኔን ግማሽ ሴሚስተር አሳስቶኛል። የኤምአይቲው ኮርስ የኬሚስቶች ነው፤ ኬሚስቶች የውስጥ ጉልበት ለውጥን የሚጽፉት «ሙቀት ሲደመር ሥራ» ብለው ነው፤ ሥራ የሚሉትም በሥርዓቱ ላይ ከውጭ የተሠራውን ነው። ብዙዎቹ የምህንድስና ትምህርቶች ግን «ሙቀት ሲቀነስ ሥራ» ይላሉ፤ ለእነርሱ ሥራ ሞተሩ ወደ ውጭ የሚሰጠው ነውና። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከአንዱ ገጽ ቀመር፣ ከሌላው ገጽ ምሳሌ እየወሰደ የሚያጠና ሰው ግን መልሱ ሁሉ በምልክት ይገለበጥበታል። ስለዚህ ማንኛውንም አዲስ ምንጭ ሲከፍቱ አስቀድመው «ሥራ እዚህ ማን በማን ላይ የሚሠራው ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ታሪኩን በተመለከተ ግን እውነቱን ልናገር፦ ደስ ይላል እንጂ ለፈተና የሚጠቅም አይመስለኝም። የተሳሳተውን ንድፈ ሐሳብ ተምሮ እንደገና መርሳት ጊዜ ማባከን ነው።

ጡረተኛ_ለገጣፎ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

ልጄ አራተኛ ዓመት፣ ስለ ፈተናው አልከራከርህም። በዚህ ትምህርት ታሪክ ግን የተሳሳተው ንድፈ ሐሳብ ትክክለኛውን ሕግ ወልዷል፤ ይህን ያላየ ሰው ሁለተኛውን ሕግ በቃሉ ይይዘዋል እንጂ አይገባውም ባይ ነኝ። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሳዲ ካርኖ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1824 ስለ እሳት የማንቀሳቀስ ኃይል አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። ጥያቄው የተግባር ነበር፦ ኒውኮመን በ1712 ከሠራው፣ ዋትም ከ1765 ጀምሮ ካሻሻለው የእንፋሎት ሞተር የበለጠ ሥራ እስከ ምን ድረስ ማግኘት ይቻላል? ካርኖ ያሰበው እንደ ውኃ ወፍጮ ነው። ውኃ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ድንጋዩን ያዞራል፤ ታች የሚደርሰው ውኃ ግን ላይ ከነበረው አንዲት ጠብታ አይጎድልም። ሙቀትም እንዲሁ «ካሎሪክ» የተባለ የማይጠፋ ፈሳሽ ሆኖ ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው ሲወርድ ሞተሩን ያዞራል ብሎ አመነ። ይህ ስህተት ነው። ከዚህ ስህተት የደረሰበት ድምዳሜ ግን እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም፦ የሞተሩ ከፍተኛ ውጤት የሚወሰነው በሁለቱ መጠነ ሙቀቶች ብቻ ነው እንጂ በሚጠቀመው ፈሳሽ አይደለም፤ ወደ ኋላ ሊመለስ ከሚችል፣ ማለትም ሥራ ቢሰጡት ሙቀቱን ያለ ብክነት ወደነበረበት ከሚመልስ ሞተር የሚበልጥም ሞተር አይኖርም።

ካርኖ በ1832 በኮሌራ በ36 ዓመቱ ሞተ፤ መጽሐፉም ተረሳ። ክላፔሮን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1834 ሐሳቡን በሥዕልና በቀመር ባያስቀምጠው ኖሮ ጭራሹን ጠፍቶ በቀረ ነበር። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ወጣቱ ዊልያም ቶምሰን በ1845 ፓሪስ ውስጥ መጻሕፍት ሻጮችን እየዞረ ቢጠይቅ አንድ ቅጂ እንኳ አላገኘም። ዛሬ ያን መጽሐፍ መምህርት ከሱሉልታ ሆነው በስልካቸው ያገኙታል፤ ፈረንሳይኛው በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ በተባለው ገጽ፣ ተርስተን በ1890 ያሳተመው እንግሊዝኛው ደግሞ በኢንተርኔት አርካይቭ አለ። ሒሳቡ ጥቂት ስለሆነ አይፍሩት፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች የትኛውም ጎበዝ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያነባቸዋል።

በሌላ ወገን ሙቀት ፈሳሽ አለመሆኑ ከቀድሞም ይጠረጠር ነበር። ራምፎርድ በ1798 ሙኒክ ውስጥ መድፍ ሲሰረሰር እያየ፣ ሰርሳሪው እስከዞረ ድረስ ሙቀቱ ማለቂያ እንደሌለው አስተዋለ። ማየር የተባለ ጀርመናዊ የመርከብ ሐኪም በ1840 ወደ ጃቫ ሄዶ ከመርከበኞቹ ደም መላሽ ሥር የቀዳው ደም ከጠበቀው በላይ ደማቅ ቀይ ሆኖ አገኘው፤ በሞቃት አገር ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያቃጥለው ያነሰ ነው ብሎ ከዚያ ተነሥቶ በ1842 ሙቀትና ሥራ የሚመነዘሩ መሆናቸውን ጻፈ። የማንቸስተሩ ጠማቂ ልጅ ጁል ደግሞ ክብደት እያወረደ ውኃ ውስጥ መቅዘፊያ በማዞር ምንዛሬውን ለካ፤ የመጠነ ሙቀቱ ጭማሪ በእያንዳንዱ ሙከራ ከአንድ የፋራናይት ዲግሪ ያነሰ ነበር። በ1850 ያሳተመው ቁጥር ዛሬ ከምንጠቀምበት በመቶ አንድ እንኳ አይርቅም። ምን ያህል ጥቃቅን ነገር እንደለካ ለማየት ተማሪዎችዎን የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ይጠይቋቸው፦ 42 ሜትር ወርዶ ታች ሲደርስ ውኃው በስንት ይሞቃል? ትነቱንና አየሩን ትተው ቢያሰሉት መልሱ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ገደማ ነው።

ቶምሰን በካርኖና በጁል መካከል ተጨነቀ፤ አንዱ ሙቀት አይጠፋም ይላል፣ ሌላው ወደ ሥራ ሲለወጥ ይጠፋል ይላል። ቋጠሮውን በ1850 የፈታው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውዚየስ ነው፤ የካርኖን ድምዳሜ ጠብቆ ካሎሪክን ጣለው። ከትኩሱ የወጣው ሙቀት ከፊሉ ሥራ ይሆናል፣ የተረፈው ወደ ቀዝቃዛው ይወርዳል፤ ያ የተረፈው ደግሞ ፈጽሞ ዜሮ ሊሆን አይችልም። አንተ ለፈተና የምትይዛቸው ሁለቱ ሕጎች ጎን ለጎን የቆሙት ያን ዓመት ነው።

አራተኛ_ዓመት
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

ጋሼ፣ ካርኖ ራሱ ስህተቱን ሳያውቅ ሞተ ማለት ነው?

ጡረተኛ_ለገጣፎ
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡50

አውቆታል። ወንድሙ ያስቀመጣቸው ማስታወሻዎች በ1878 ሲታተሙ፣ ካርኖ ከመሞቱ በፊት ካሎሪክን ትቶ ሙቀት እንቅስቃሴ ነው ወደሚለው ሐሳብ እንደዞረ፣ ምንዛሬውንም ከጁል በፊት ራሱ እንዳሰላ ታየ። ወረቀቱ ግን መሳቢያ ውስጥ ስለቀረ ለዘመኑ ሳይንስ አልደረሰለትም።

መምህርት_ከሱሉልታ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት የተጠቆምሁትን ሠንጠረዥ ከፍቼ በገዛ እጄ 90.8 አገኘሁ፤ የካርኖንም የመጀመሪያ ገጾች በምሳ ሰዓት አነበብሁ። የውኃ ወፍጮው ምሳሌ ወዲያው ገባኝ። አሁንም የሚያስቸግረኝ የቋንቋው ነገር ነው። በአማርኛችን «የዛሬው ሙቀት 25 ዲግሪ ነው» እንላለን፤ «ሙቀት ሰጠው»ም እንላለን። ስለዚህ ተማሪው መጠነ ሙቀትንና ሙቀትን ቢያምታታ አልፈርድበትም፤ እንግሊዝኛውን ከማወቁ በፊት አፍ የፈታበት ቋንቋ አስቀድሞ አቀላቅሎለታል። ኢንትሮፒን ደግሞ አንዳንድ ሰዎች «ዝብርቅርቅነት» ብለው ሲተረጉሙት ሰምቻለሁ። ይህን ስነግራቸው አንዱ ተማሪ «እንግዲያው የእኔ ክፍል ኢንትሮፒው ትልቅ ነው» አለኝ። ሳቅን፤ ግን ምንም አልተማርንም።

ጡረተኛ_ለገጣፎ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

«ዝብርቅርቅነት» የሚለውን ለጊዜው ይተዉት። ቃሉን በ1865 የፈጠረው ያው ክላውዚየስ ነው፤ መለወጥን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ወስዶ፣ ኤነርጂ ከሚለው ጋር በድምፅ እንዲመሳሰል አስቦ የሠራው ነው። ስለተዘበራረቀ ቤት ምንም አላለም። ያለው፣ የተላለፈውን ሙቀት በሚተላለፍበት ፍጹም (በኬልቪን በሚለካ) መጠነ ሙቀት አካፍሉት ነው። ከቤትዎ ሳይወጡ ሊያሰሉት ይችላሉ።

እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ምጣዱ ወደ 200 ዲግሪ፣ በኬልቪን 473 ላይ ነው እንበል፤ ማድ ቤቱ 20 ዲግሪ፣ ማለትም 293 ኬልቪን ነው። ምጣዱ 1,000 ጁል ሙቀት ለማድ ቤቱ ሲለቅ የምጣዱ ኢንትሮፒ በ1,000 ሲካፈል ለ473፣ ማለትም በ2.11 ይቀንሳል። የማድ ቤቱ ግን በ1,000 ሲካፈል ለ293፣ በ3.41 ይጨምራል። ጁሉ ያው 1,000 ነው፤ አንዲት አልጠፋችም፤ አንደኛው ሕግ ረክቷል። ኢንትሮፒው ግን በድምሩ 1.30 ጁል በኬልቪን ጨመረ። አሁን ይህን 1.30 በማድ ቤቱ 293 ያባዙት፤ 381 ጁል ገደማ ያገኛሉ። ያ በምጣዱና በማድ ቤቱ መካከል የካርኖ ሞተር ቢቆም ኖሮ ልናገኘው እንችል የነበረው፣ አሁን ግን ለዘለዓለም ያመለጠን ሥራ ነው። ሙቀቱ ማድ ቤቱ ውስጥ አለ፤ ወደ ሥራ የመለወጥ ዕድሉ ነው የሄደው።

የቅንጣቶቹ አቀማመጥ ጉዳይ የመጣው ከዚያ በኋላ ከኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ከቦልትስማን ጋር ነው፤ ያን ለማንበብ ሲደርሱ በካልቴክ ድረ ገጽ በነፃ ከሚነበበው የፋይንማን የፊዚክስ ትምህርት 1ኛ ቅጽ ምዕራፍ 44ን፣ ከዚያም ምዕራፍ 46ን ይመልከቱ። የጊዜን አቅጣጫና የስታቲስቲክስ መካኒክስን ፍልስፍና በተመለከተ የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ ጥልቅ መጣጥፎች አሉት፤ እነርሱን ግን ለክረምት ያቆዩአቸው፣ ከባድ ናቸው።

ላቦራቶሪ_ሰበታ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡20

ስለ ኢንተርኔቱ ብቻ አጭር ነገር ልጨምር። ኪዊክስ የተባለውን ፕሮግራም የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ፤ ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ቦታ የዊኪፔዲያን ፋይል አንዴ አውርደው በፍላሽ ካመጡት፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት ማሳያዎችም እንዲሁ ወርደው ይሠራሉ። የጋዝ ባሕርያት የሚለውን ማሳያ ይክፈቱ፤ ተማሪው ራሱ በፓምፑ ቅንጣት ያስገባል፣ ግድግዳውን ይገፋል፣ ግፊቱ ሲወጣ ያያል። እኔ ከማሳያው በፊት ምንም አልናገርም፤ መጀመሪያ ጌጁ የት እንደሚደርስ ይገምቱና ይጻፉ፣ ከዚያ ይሞክሩት። መብራት የሚጠፋበት ቀን ስለማይታወቅ ግን የማንቆርቆሪያውን ሙከራ አይተዉት።

መምህርት_ከሱሉልታ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

ውጤቱን ይዤ ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ቴርሞሜትሩን የተፈጨ በረዶና ውኃ በተቀላቀለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተትሁት፤ የበረዶ መቅለጫ በከፍታ ምክንያት የሚለወጠው ከቁጥር የማይገባ በመሆኑ ዜሮ ማሳየት ነበረበት። ዜሮ ተኩል ላይ ቆመ። ስለዚህ የተማሪዬ 91 ተኩል በእርግጥ 91 ነበር፤ ሠንጠረዡ ከሰጠኝ 90.8 ጋር የዚህ ቴርሞሜትር መስመር ሊለየው ከሚችለው በላይ አይራራቅም። አቃቂ የሚኖሩ የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ ቴርሞሜትር እሑድ ወስደው በቤታቸው ቢሞክሩ 93 ተኩል አነበቡ፤ ስናስተካክለው 93 ነው፤ ለ2,100 ሜትር የወጣው ስሌትም ያው 93 ነው። የመፍያውን ስለካ ጫፉ የማንቆርቆሪያውን ወለል እንዳይነካ በክር አንጠልጥዬዋለሁ፤ ወለሉን ሲነካ ንባቡ ሽቅብ ይዘላል።

ዛሬ ጠዋት ቁጥሮቹን ሰሌዳው ላይ ጻፍሁና ባለፈው የተሳሳትሁት እኔ እንደነበርሁ በክፍሉ ፊት ተናገርሁ። ልጁ ግን አልረካም፤ «ውኃው እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚፈላ ከሆነ እናቴ የምትቀቅለው ባቄላ ለምን ከአዳማ ይልቅ ይዘገያል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን እንዲያስቡበት ለነገ አሳድሬዋለሁ።

ጌጅ_ዘቃሊቲ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ባቄላውን የሚያበስለው መንተክተኩ ሳይሆን ዲግሪው ነው፤ 91 ላይ የሚንተከተክ ውኃ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመርበት እዚያው 91 ላይ ይተናል እንጂ አይጨምርም። ለነገ ደግሞ ይህን ጨምረው ይስጧቸው፦ የግፊት ድስት ከውጭ አየር በላይ 100 ኪሎፓስካል ይጨምራል ቢባል፣ በባሕር ወለል ድምሩ 201 ሆኖ 120 ዲግሪ ይደርሳል፤ እርስዎ ዘንድ ግን ድምሩ 172 ነው። ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ ከሠንጠረዡ ያውጡት። እኔ 115 ተኩል ገደማ አግኝቻለሁ።